ቁም፣ እይ፣ አድምጥ፦ ስለ ቅብጥብጥ ልጆች ትኩረት የተደረገ ምልልስ

በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ቨርጂኒያ ዳግላስ በ1971 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካናዳ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ለባልደረቦቻቸው ያደረጉት ንግግር በማግስቱ ዓመት «ቁም፣ እይ፣ አድምጥ» በሚል ርእስ ታተመ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች ስለ ቅብጥብጥ ልጅ ሲያወሩ የሚያዩት እግሩን ነበር፤ መሮጡን፣ ከወንበሩ መነሣቱን፣ አንድ ቦታ አለመርጋቱን። ዳግላስ ግን የችግሩ እምብርት ትኩረትን አጽንቶ ማቆየትና ድንገት የመጣ ስሜትን መግታት አለመቻል ነው አሉ። ዛሬ ኤዲኤችዲ እየተባለ የሚጠራው የትኩረት ጉድለትና የቅብጥብጥነት ሕመም የአሁኑን መልኩን የያዘው በአብዛኛው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ነው። የሚከተለው ምልልስ ዕድሜያቸውን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሳልፈው ጡረታ በወጡ መምህርትና በአንድ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ መካከል ነው።

መምህርት፦ እንዲህ ያለ ልጅ ያልነበረበት ክፍል የለም። ቀዥቃዣ ይባላል፣ ረባሽ ይባላል፣ ባስ ሲል ሰይጣን የሰፈረበት ይባላል። ይኮረኮማል፣ ይንበረከካል፣ በማግስቱ ያው ነው። ሐኪሞች ጉዳዩን የእኛ ነው ያሉት መቼ ነው?

ባለሙያ፦ ዘግይተው ነው፣ እትዬ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ከጆርጅ ስቲል ይጀመራል። ስቲል በ1902 ለንደን ላይ በሰጡት ተከታታይ ንግግር፣ የማሰብ ችሎታቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት ያልቻሉ 20 ልጆችን ገለጹ፤ 15ቱ ወንዶች፣ 5ቱ ሴቶች ነበሩ። ችግሩን የሥነ ምግባር ቁጥጥር ጉድለት አሉት። አባባሉ የዘመኑ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ ከአስተዳደግ ብቻ ሳይሆን ከአካልም ሊመጣ ይችላል ማለታቸው ለዚያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል የአንጎል ብግነት ወረርሽኝ ተነሣ። ከበሽታው የተረፉ ብዙ ልጆች ጠባያቸው ተለወጠ፤ እረፍት አጡ፣ ቁጡና ችኩል ሆኑ። ሐኪሞቹም ከዚህ ተነሥተው የሚቅበጠበጥ ልጅ ሁሉ አንጎሉ ላይ አንድ ጉዳት ቢኖር ነው ብለው ደመደሙ። የማይታይ ሲሆንባቸው ደግሞ ጉዳቱ ጥቂት ስለሆነ ነው አሉ።

መምህርት፦ ካልታየ መኖሩን በምን አወቁት?

ባለሙያ፦ በጠባዩ ነዋ። ልጁ ለምን ይቅበጠበጣል? አንጎሉ ስለተጎዳ። መጎዳቱ በምን ታወቀ? ስለሚቅበጠበጥ። እንዲህ እየዞረ ለአርባ ዓመት ያህል ቆየ። በ1968 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሁለተኛውን የሕመሞች መመሪያ መጽሐፉን ሲያወጣ የአንጎል ጉዳት የሚለውን ትቶ ነገሩን የልጅነት ቅብጥብጥነት አለው። የሰጠውም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በጉርምስና ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚቀንስ ጨምሮ። አሁንም ዓይኑ እግሩ ላይ ነበር ማለት ነው።

መምህርት፦ ፕሮፌሰር ዳግላስስ ከየት መጡ?

ባለሙያ፦ በ1960ዎቹ የሞንትሪያል የሕፃናት ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች፣ በተለይ ዶክተር ጋብሪዬል ዋይስ፣ እነዚህን ልጆች ማከምና መከታተል ጀምረው ነበር። ዳግላስ ከእነሱ ጋር ተባበሩ። የእሳቸው ድርሻ ግን ሕክምና አልነበረም፤ ልኬት ነበር። ወላጅና መምህር ስለ ልጁ የሚሉትን ከመመዝገብ አልፈው፣ ልጁን ራሱን ሥራ ሰጥተው ምኑ ላይ እንደሚወድቅ ማየት ፈለጉ። የማሰብ ችሎታቸው እንደ ማንም ልጅ የሆነ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም አቤት የተባለባቸውን ልጆች በአንድ ወገን፣ በዕድሜ የሚመስሏቸውን በሌላ ወገን አድርገው አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጧቸዋል።

መምህርት፦ ሥራው ምንድን ነው? የሒሳብ ፈተና ነው?

ባለሙያ፦ የሒሳብ ፈተናማ ቢሆን የወደቀው ባለማወቁ ይሁን ባለማተኮሩ አይለይም። ሥራው እውቀት የማይጠይቅ መሆን ነበረበት። የተጠቀሙበት ፈተና መነሻው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ተመልካቾች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ሲውሉ የጠላት ምልክት ያመልጣቸው ነበር። ኖርማን ማክዎርዝ የተባሉ ተመራማሪ ጉዳዩን አጥንተው፣ የጤነኛ ጎልማሳ ንቃት እንኳ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚወርድ በ1948 አሳተሙ። በ1956 ደግሞ ሃልዶር ሮዝቮልድና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ የአንጎል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች የሚለይ ተመሳሳይ ፈተና ሠሩ። ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። ተፈታኙ «ኤክስ» ሲመጣ ቁልፉን ይጫናል፤ ያውም ከፊቱ «ኤ» ከመጣ ብቻ። ያለዚያ አይነካም።

መምህርት፦ ይኼማ ያስተኛል።

ባለሙያ፦ ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው! አሰልቺ ነው፣ ረጅም ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው መሣሪያው እንጂ ልጁ አይደለም። የዳግላስ ተማሪ የነበሩት ዶናልድ ሳይክስ ይህን ፈተና ለልጆቹ ሲሰጡ ሁለት ዓይነት ስሕተት ለየብቻ ቆጠሩ። አንደኛው መጫን ሲገባው ያለፈው ነው፤ ትኩረት ላልቷል ማለት ነው። ሁለተኛው መጫን ሳይገባው የተጫነው ነው፤ እጁ ቀድሞታል። ቅብጥብጦቹ ልጆች በሁለቱም ከጓደኞቻቸው ባሱ፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እየወረዱ ሄዱ። አስገራሚው ግን ሌላ ነው። ትኩረት ለአፍታ ብቻ በሚጠይቅ ሥራ፣ ማለትም «ተዘጋጅ» የሚል ምልክት ቀድሞ ተሰጥቶ ወዲያው መልስ በሚጠየቅበት ፈተና፣ እነዚሁ ልጆች ከሌሎቹ አልተለዩም።

መምህርት፦ ስለዚህ ትኩረት የላቸውም ማለት ስሕተት ነው።

ባለሙያ፦ አዎ። አላቸው፤ ማቆየቱ ነው ያቃታቸው። ሌላም ፈተና ነበር። አንድ ሥዕል ይሰጥና ከሥሩ በጣም የሚመሳሰሉ ሥዕሎች ይደረደራሉ፤ ከላይኛው ጋር አንድ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ልጅ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዘዋወረ ያመሳክራል። ቅብጥብጡ ልጅ መጀመሪያ የመሰለውን ይጠቁማል። ቶሎ ይመልሳል፣ ይሳሳታል። የንግግሩ ርእስ ከዚህ ነው፤ ልጁ ከመመለሱ በፊት መቆም፣ ማየት፣ ማድመጥ ተስኖታል።

መምህርት፦ በትምህርት ቤት ግን የሚታመነው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ መስኮት አጠገብ አይቀመጥም፤ ወፍ ባለፈ ቁጥር ሐሳቡ አብሮ ይሄዳል ይባላል።

ባለሙያ፦ ይኸው እምነት አሜሪካ ውስጥ በመጽሐፍ ተደግፎ ነበር። በ1947 አልፍሬድ ስትራውስና ላውራ ሌቲነን ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ ለእነዚህ ልጆች ጌጥና ሥዕል የሌለበት፣ መስኮቱ የተሸፈነ ክፍል እንዲዘጋጅ፣ ልጁም ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። የዳግላስ ቡድን ይህን ፈተነው። ልጆቹ ሥራቸውን ሲሠሩ በመሐል ድንገት ጩኸት ይለቀቃል። ጩኸቱ ቅብጥብጦቹን ከሌሎቹ አብልጦ አላወካቸውም። ሥራው ሲሰለቻቸው ሌላ ነገር ፍለጋ ይወጣሉ እንጂ ከውጭ የመጣ ነገር ጎትቶ አላወጣቸውም።

መምህርት፦ እንግዲያው መስኮት መሸፈን ከንቱ ነበር።

ባለሙያ፦ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ሊጎዳም ይችላል፤ የተሰላቸ ልጅ ባዶ ግድግዳ ፊት ቢቀመጥ ይብስበታል። ይህ ማለት ግን ልጁን ከኋላ፣ በር አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል ማለት አይደለም። ፊት ለፊት መቀመጡ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው መምህሩ ስለሚቀርበው ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባው ከሁሉም የላቀው ሙከራ ሲታይ ነው።

ሙከራው ከ1971 ንግግር በፊት የተሠራ ነው። ከዳግላስ ሥራዎች ሁሉ ለመምህር የሚቀርበው እሱ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ይታለፋል። ቫይራ ፍራይበርግስና ዳግላስ በ1969 ያሳተሙት ነው።

ባለሙያ፦ ልጆቹ አንድ የተሰወረ ሕግ እንዲያገኙ ይጠየቃሉ፤ ከሚታዩዋቸው ነገሮች የትኛው ትክክል እንደሆነ እየገመቱ ደንቡን ይደርሱበታል። አንዱ ቡድን ትክክል በመለሰ ቁጥር ሁልጊዜ ሽልማት ያገኛል። ሌላው ቡድን ትክክል ቢመልስም የሚያገኘው በግማሹ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቡድን ቅብጥብጦቹ ልጆች እንደ ሌሎቹ ተማሩ። እትዬ፣ ልብ ይበሉ፤ ያው ልጅ፣ ያው አእምሮ ነው። ሽልማቱ በግማሽ ሲቀነስ ግን ሌሎቹ ልጆች ብዙም ሳይናወጡ ሲቀጥሉ እነሱ ወደ ኋላ ቀሩ።

መምህርት፦ ራይት ነው የምትለኝ።

ባለሙያ፦ እንዴት?

መምህርት፦ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ደብተር የሚታረመው ሲመች ነው። የክፍል ሥራ ተሰጥቶ መምህሩ እየዞረ የአሥሩን ልጅ አይቶ ደወል ይደወላል። ጎበዙ ራይቱን ሳምንት ቢጠብቅም ይሠራል፤ ትክክል መሆኑን ውስጡ ያውቃል። ያኛው ግን ሁለት ጥያቄ ሠርቶ ቀና ብሎ ያያል። ማንም አላየለትም። ከዚያ በኋላ የጎረቤቱን እርሳስ ነው የሚያየው።

ባለሙያ፦ ዳግላስ ያሉትን በሌላ አፍ ነው የተናገሩት። የትምህርት ቤት ሥራ አብዛኛው በግማሽ ሽልማት፣ ከዚያም ባነሰ የሚሠራ ነው። ውጤቱ የሚመጣው በሴሚስተር መጨረሻ፣ ካርድ ሲወሰድ ነው። ለቅብጥብጡ ልጅ ያ እንደሌለ ነው። ሁለት ሰዓት ጌም ላይ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው። ወላጆች ሲፈልግ ያተኩራል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያያሉ። ጌሙ ግን በየሴኮንዱ መልስ ይሰጠዋል። የማባዣ ሰንጠረዥ አይሰጠውም።

መምህርት፦ ታዲያ መድኃኒቱ ከረሜላ ማደል ነዋ!

ባለሙያ፦ እዚህ ላይ ዳግላስ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ሽልማት በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በጣም የሚያጓጓ ሲሆን ልጁ ሥራውን ትቶ ሽልማቱን ማየት ይጀምራል፤ ይቸኩላል፣ ይሳሳታል። የለመደው ሲቋረጥበት ደግሞ ከሌላው ልጅ በላይ ይናደዳል። ስለዚህ የሚፈለገው ትልቅ ሽልማት አይደለም፤ ትንሽና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ራይት፣ በትከሻው ላይ አንድ መታ፣ «እስካሁን ልክ ነህ» የሚል ቃል። አሥር ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ሦስት ሰጥቶ ማየት፣ ከዚያ ሦስት መጨመር። ልጁ እየበረታ ሲሄድ ርቀቱ ቀስ እየተባለ ይሰፋል።

መምህርት፦ ለስድሳ ልጅ ይኼ ይቻላል?

ባለሙያ፦ ለስድሳው አይቻልም። ለሦስት ለአራቱ ግን ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ በአንድ ክፍል ከሦስት ከአራት ብዙም አይበልጥምና። የሚያርመው ሁልጊዜ መምህሩ መሆን የለበትም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ጎበዝ ተማሪም ራይት ማድረግ ይችላል። ቅጣቱም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ሰኞ ያጠፋው ልጅ ዓርብ ሰልፍ ላይ ወጥቶ ቢገረፍ በእሱ አእምሮ ጥፋቱና ዱላው አይገናኙም። ግርፊያው ለማንም ልጅ አይበጅም፤ ለዚህ ልጅ ግን ለማስፈራራት እንኳ አይጠቅምም።

ዳግላስ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሐሳባቸውን እያሰፉ ሄደው በ1983 ችግሩን በአራት አቅጣጫ አስቀመጡት፦ ትኩረትንና ጥረትን ማዋልና ማጽናት፣ የችኮላ መልስን መግታት፣ የአእምሮን ንቃት ከሥራው ጋር ማስማማት፣ ቅርብ ሽልማትን ከልክ በላይ መፈለግ። ከእነዚህ መካከል የሕክምናው ዓለም ይዞ የሮጠው አንደኛውንና ሁለተኛውን ነው። ቀደም ሲል በ1980 የወጣው ሦስተኛው የአሜሪካ መመሪያ የልጅነት ቅብጥብጥነት የሚለውን ሰርዞ የትኩረት ጉድለት ሕመም አለው፤ ከቅብጥብጥነት ጋርም፣ ያለ ቅብጥብጥነትም ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

መምህርት፦ ያለ ቅብጥብጥነት የሚለው ምን ማለት ነው?

ባለሙያ፦ ፈዛዛዋ ልጅ ናት። አትሮጥም፣ አትጮህም፣ መስኮት መስኮቱን እያየች ደብተሯ ባዶ ይቀራል። ማንንም ስለማታስቸግር ማንም ወደ ሐኪም አይልካትም። ዳግላስ እግሩን ትተን ትኩረቱን እንይ ባይሉ ኖሮ እነዚህ ሴት ልጆች ሳይታወቁ በቀሩ ነበር። ምንም እንኳ የሞንትሪያል ጥናቶች ራሳቸው በአብዛኛው ወንዶችን ያዩ ቢሆኑም። ይህ የሥራው ጉድለት ነው፤ የዚያ ዘመን ጥናት ሁሉ ጉድለትም ነው። ስሙ በ1987 ወደ ኤዲኤችዲ ተለወጠ፣ በ1994 ደግሞ በሦስት መልክ ተከፈለ።

መምህርት፦ ስለ ክኒኑስ? ልጅን አደንዝዞ ማስቀመጥ ነው የሚሉ አሉ።

ባለሙያ፦ የሚያደነዝዝ አይደለም፤ የሚያነቃ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ልጆች ተኝተው በሚታከሙበት ተቋም፣ ለ30 ልጆች ቤንዜድሪን የተባለ አነቃቂ መድኃኒት ሰጡ። ከእነሱ 14ቱ በትምህርታቸው በሚያስደንቅ ሁኔታ ተሻሻሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው የሒሳብ ክኒን ብለው ጠሩት። በ1944 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት የነበሩት ሌያንድሮ ፓኒዞን ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ሠሩ። የገበያ ስሙ ሪታሊን በሚስታቸው በሪታ ነው። መድኃኒቶቹ አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን መልእክተኛ ኬሚካሎች ይጨምራሉ። የዳግላስ ቡድንም የፊደሉን ፈተና ከሜቲልፌኒዴት ጋር ሲሞክረው ልጆቹ የሚያመልጣቸውም ያለ ቦታው የሚጫኑትም ቀነሰ።

መምህርት፦ መድኃኒቱ ከሠራ በሽታው አለ ማለት ነው?

ባለሙያ፦ አይደለም! ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቻቸው በ1978 ምንም ችግር ለሌለባቸው ወንዶች ልጆች አነቃቂ መድኃኒት ሰጥተው ነበር። እነሱም እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ ትኩረታቸው ተሻለ። ስለዚህ «ክኒን ስጡትና ከረጋ ያውና ታወቀ» የሚባለው መላ አይሠራም። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያውካል፤ ሐኪም ሳይከታተለው የሚሰጥ አይደለም። በ1999 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ7 ዓመት እስከ 10 ዓመት ሊሞላቸው የደረሱ 579 ልጆችን በአራት ከፍሎ ለ14 ወራት ተከታተለ። በጥንቃቄ የተመጠነ መድኃኒት ያገኙት፣ መድኃኒትና የጠባይ ሥልጠና አብሮ የተሰጣቸውም፣ ሥልጠና ብቻ ካገኙትና በየአካባቢያቸው የተለመደውን ሕክምና ካገኙት በምልክቶቹ ላይ በለጡ። በ3ኛው ዓመት ሲታዩ ግን በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልነበረም። መድኃኒቱ ሲወሰድ ይሠራል፤ ልጁን ለውጦ አያስቀረውም።

መምህርት፦ ስኳርስ? በበዓል ቀን ልጆች ሲያብዱ ጣፋጩ ነው ይባላል።

ባለሙያ፦ በዓሉ ነው እንጂ ጣፋጩ አይደለም። በ1994 የታተመ አንድ ሙከራ ለእናቶች ልጃችሁ ብዙ ስኳር ጠጥቷል ብሎ ነገራቸው። ልጆቹ የጠጡት ስኳር የሌለበት ማጣፈጫ ነበር። እናቶቹ ግን ልጆቻቸው ከወትሮው በላይ ተቅበጠበጡ ብለው መሰከሩ፤ ይበልጥም ተቆጧቸው። ስኳርን መቀነስ ለጥርስ ጥሩ ነው፤ ለትኩረት ግን ምንም አይለውጥም።

መምህርት፦ ታዲያ ከየት ይመጣል? እናት አስተዳደግ አታውቅም የሚባለውስ?

ባለሙያ፦ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ በልጆች መካከል ካለው ልዩነት ሦስት አራተኛ የሚሆነው በዘር ውርስ ይብራራል። አንድ ጂን አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ያለ ወቅቱ መወለድና ሲወለዱ ክብደት ማነስም አስተዋጽኦ አላቸው። አስተዳደግ ሕመሙን አይፈጥረውም፤ ልጁ ከሕመሙ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን ይወስናል። አንጎልን በሚመለከት ፊሊፕ ሾና ባልደረቦቻቸው በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። የአንጎል ቅርፊት በልጅነት እየወፈረ ሄዶ ከአንድ ጫፍ ሲደርስ መሳሳት ይጀምራል። አብዛኛው ቅርፊት ከዚያ ጫፍ ሲደርስ ሌሎቹ ልጆች 7 ዓመት ተኩል ያህል ናቸው፤ ኤዲኤችዲ ያለባቸው 10 ዓመት ተኩል። ሥርዓቱ አንድ ነው፣ ሦስት ዓመት ዘግይቷል። መዘግየቱ ደግሞ ይበልጥ የታየው ትኩረትንና ራስን መግታትን በሚመራው በፊተኛው ክፍል ነው።

መምህርት፦ ከዘገየ ኋላ ይደርሳል ማለት ነዋ።

ባለሙያ፦ አንዳንዱ ይደርሳል። ጋብሪዬል ዋይስና ሊሊ ሄክትማን የሞንትሪያሎቹን ልጆች እስከ ጎልማሳነት ተከትለዋቸዋል፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የሚያስቸግራቸው ምልክት ቀርቶባቸው ነበር። በጉርምስና ይጠፋል የሚለው የ1968ቱ ዓረፍተ ነገር በዚሁ ወደቀ። የሚጠፋው ሩጫው ነው። ጎልማሳው አይሮጥም፤ ጀምሮ ይተዋል፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይገባበታል።

መምህርት፦ ከዳግላስ በኋላ የመጡትስ ሐሳባቸውን ጣሉት ወይስ ያዙት?

ባለሙያ፦ ተከፋፈሉት ቢባል ይቀላል። አሜሪካዊው ራስል ባርክሊ በ1997 ሁሉን ነገር ወደ አንዱ፣ ራስን ወደ መግታት፣ ሰበሰቡት። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሶኑጋ-ባርክ ደግሞ የሽልማቱን ክር ያዙ። ልጆቹ ትልቁን ከመጠበቅ ትንሹን አሁን መውሰድ እንደሚመርጡ ታይቶ ነበር። እሳቸው ግን ሙከራውን አስተካክለው ትንሹን ቢወስዱም የሚቆዩበት ጠቅላላ ጊዜ እንዳያጥር አደረጉ። ያን ጊዜ ቅብጥብጦቹም እንደ ሌሎቹ ትልቁን መረጡ። ስግብግብ አልነበሩም፤ መጠበቅ ነው የሚያማቸው። ዳግላስ ሁለቱንም ክር በአንድ እጅ ይዘው ነበር። በኋላ የመጣው ንድፈ ሐሳብ ጠርቷል፣ ግን ጠቧል።

መምህርት፦ ምርመራው ላይ የሚያሰጋ ነገር አለ። ረባሽ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ ተባለ ማለት ነው።

ባለሙያ፦ ስጋቱ እውነት ነው፤ በቁጥርም ታይቷል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት አንድ ክፍል የሚገቡት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በአንድ የፈረንጅ ዓመት የተወለዱ ልጆች ናቸው። በ2012 የታተመ፣ ከ900 ሺህ በላይ የሚሆኑ ልጆችን መዝገብ የተመለከተ ጥናት፣ በዲሴምበር የተወለዱት ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ለሴቶቹ 70 በመቶ ነበር። የክፍሉ ታናሾች ስለሆኑ ብቻ ነው! አሥራ አንድ ወር የሚያንስ ልጅ ከታላቁ እኩል እንዲረጋ ተጠብቆ ሳይረጋ ሲቀር ታመመ ተባለ።

መምህርት፦ በእኛ አገርማ በአንድ ክፍል የስድስትና የአሥር ዓመት ልጅ አብረው ይቀመጣሉ።

ባለሙያ፦ ስለዚህ የኢትዮጵያ መምህር ልጁን ከክፍሉ ጋር ሳይሆን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። ችግሩ አገራችን ውስጥ የለም የሚባለውም ትክክል አይደለም። የዓለምን 102 ጥናቶች አንድ ላይ ያየው የ2007ቱ ግምገማ አማካዩን 5.3 በመቶ ያህል አድርጎታል። በአገራችን ገጠር፣ በጊርጃ ወረዳ ከ6 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ 7.3 በመቶ አግኝቷል።

መምህርት፦ እንግዲህ አንድ ወላጅ ልጁን በምን ይለየው?

ባለሙያ፦ ወላጅ አይለየውም፤ ባለሙያ ነው የሚለየው። በ2013 በወጣው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከዘጠኝ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከዘጠኝ የቅብጥብጥነትና የችኮላ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ መቆየት አለባቸው። ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሚታዩ፣ ትምህርቱን ወይም ኑሮውን የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ነገሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ክፍል ብቻ የሚረብሽም ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላው ይጣራል። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አያተኩርም። ጆሮው የሚመግል ልጅ የተባለውን አይሰማም። ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ ሌሊት ሲያስል ያደረ፣ ቤቱ ጠብ ያለበት ልጅ ሁሉ ቅብጥብጥ ወይም ፈዛዛ ሊመስል ይችላል። በመሐል ለጥቂት ሴኮንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ሕክምናው ሌላ ነው።

መምህርት፦ ልጄ፣ ይኼን ለወላጆች በምን ቃል ልንገራቸው?

ባለሙያ፦ ልጁን ከመቅጣትም፣ ስም ከማውጣትም በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩት በሏቸው። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲመጡ ደግሞ ብቻቸውን አይምጡ። የክፍል መምህሩ በወረቀት የጻፈውን አስተያየትና የልጁን ደብተሮች፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ ይዘው ይምጡ፤ ያለ እነሱ የሚደረግ ምርመራ ግማሽ ነው።